ኬኩ ውስጥ ያለው የራዲያተር ፈሳሽ አይደለም

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በየስልኩ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ለልጆቻችሁ ልደት የምትገዙት የመኪና መርዝ» የሚል ሲሆን፣ ከአናቱ ላይ የአረንጓዴ ኩላንት ጀሪካንና የአንድ ቁራሽ ኬክ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። እኔ የምግብ ምህንድስና የተማርሁ ሰው ነኝ፤ የወንድሜ ሚስት ደግሞ ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ ኬክ ቤት አላት። ጽሑፉን መጀመሪያ ያየሁት እርሷ ስልኳን አቀብላኝ «እስኪ አንብበው፤ እውነት ከሆነ ዛሬውኑ ልዝጋው» ባለችኝ ጊዜ ነው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት የክርስትና ኬክ ያዘዙ አንዲት እናት ደውለው ትእዛዛቸውን ሰርዘውባት ነበር።

ጽሑፉ የሚናገረው ፕሮፒሊን ግላይኮል ስለሚባል፣ ምግብ እንዳይደርቅ እርጥበት ለመያዝና የምግብ ሽቶዎችንና ቀለሞችን ለማሟሟት ስለሚያገለግል ንጥረ ነገር ነው። ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጎድል ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ንጥረ ነገሩ መኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኩላንት ራሱ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ኩላሊትን እንደሚገድልና በጋምቢያ ሕፃናትን የጨረሰው እርሱ እንደሆነ ይናገራሉ። ሦስተኛ፣ አውሮፓ እንዳገደው፣ አሜሪካም ለድመት እንኳ እንደከለከለው ይጠቅሳሉ። አራተኛ፣ ስንት ቢበላ እንደሚጎዳ የሚያውቅ የለም ይላሉ። አምስተኛ፣ ኬክ ቤቶች የሳምንት ኬክ ትኩስ መስሎ እንዲሸጥ ይጨምሩታል ሲሉ ይከሳሉ። በመጨረሻም በእርሱ ምትክ ማር ወይም ግሊሰሪን ቢገባ ምንም ሥጋት እንደማይኖር ያረጋግጣሉ። የተነሡበት አሳብ፣ ማለትም ሰው የሚበላውን ማወቅ አለበት የሚለው፣ የእኔም አሳብ ነው። የምለያቸው ወደ ማስረጃው ስንገባ ነው።

ንጥረ ነገሩ ምን እንደሚመስል በቅድሚያ ልግለጽ፤ ብዙ ሰው በስሙ እንጂ በመልኩ አያውቀውምና። ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ጥቂት የሚጣፍጥ፣ ወደ ዘይት የሚጠጋ ውፍረት ያለው ፈሳሽ ነው። ከውሃ ጋር በማንኛውም መጠን ይቀላቀላል፤ ውሃውንም በቀላሉ አይለቅም። የቫኒላን ሽታ እንደሚሰጠው እንደ ቫኒሊን ያለውን፣ በውሃ ብቻ ደኅና አድርጎ የማይሟሟውን ነገር ደግሞ ያሟሟል። በውጭ አገር ምርቶች መለያ ላይ ኢ 1520 ተብሎ የሚጻፈው እርሱ ነው። ከቫኒላና ከምግብ ቀለም ጠርሙሶች ሌላ በሳል ሽሮፕ፣ በቆዳ ቅባትና በጥርስ ሳሙናም ውስጥ ይገኛል።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልለፍ። በራዲያተር ውስጥ የሚገኝ ነገር ሁሉ ምግብ ውስጥ መግባት የለበትም ከተባለ፣ በቅድሚያ መከልከል የሚኖርበት ውሃ ነው፤ የራዲያተሩን ግማሽ ያህል የሚይዘው እርሱ ነውና። በእርግጥ አንዳንድ የኩላንት ዓይነቶች በፕሮፒሊን ግላይኮል የሚሠሩ መሆናቸውን ጸሐፊው አልዋሹም። ያልነገሩን ግን የተመረጠበትን ምክንያት ነው። አብዛኛው ኩላንት የሚሠራው ኤቲሊን ግላይኮል ከሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህኛው በእርግጥም ገዳይ መርዝ ነው፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል በምትኩ የሚገባው ሰው ወይም እንስሳ ድንገት ቢቀምሰው የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ነው። ምግብና መጠጥ የሚያመርቱ ብዙ ፋብሪካዎችም የማቀዝቀዣ መስመሮቻቸውን በእርሱ የሚሞሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቧንቧው ቢያፈስ ምርቱን እንዳይመርዝባቸው ብለው።

ሁለቱ በስም ይመሳሰላሉ፤ በመልክም ቢሆን በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ ማን ማን እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም። ልዩነታቸው ኤቲሊን ግላይኮል ሁለት የካርቦን አቶሞች ሲኖሩት ፕሮፒሊን ግላይኮል ሦስት ያሉት መሆኑ ነው። «አንድ ካርቦን ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል ካለ ከእኛው አገር ምሳሌ ልስጠው። ደብረ ብርሃን በአረቄዋ ትታወቃለች። አረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖል ሁለት ካርቦን አለው፤ ዓይን የሚያጠፋውና ሰው የሚገድለው ሜታኖል ደግሞ አንድ ካርቦን አለው። አረቄ ለጤና ይበጃል አልልም፤ ነገር ግን ግማሽ መለኪያ አረቄ የጠጣና ግማሽ መለኪያ ሜታኖል የጠጣ ሰው በማግስቱ አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ አይገኙም።

ነገሩ የሚለየው ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ኤቲሊን ግላይኮልን ሲያብላላው በመጨረሻ ኦክሳሊክ አሲድ ይሆናል፤ ይህም ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የተሳለ ድንጋያማ ብናኝ ሆኖ ይቀመጣል፣ ኩላሊቱም ሥራ ያቆማል። ፕሮፒሊን ግላይኮል ግን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል። ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው፤ የጣርማ በርን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ጡንቻም ያንኑ ያመርታል። ሰውነት ይህን አሲድ እንደ ማንኛውም ምግብ አቃጥሎ ጉልበት ያደርገዋል፤ ያልተለወጠው የንጥረ ነገሩ ክፍልም በሽንት ይወጣል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ከወሰደው ውስጥ ግማሹን ለማስወገድ ጥቂት ሰዓታት ይበቁታል።

ሁለተኛው ነጥብ የጋምቢያ ሕፃናት ነው፤ በዚህ ላይ ማንም ሰው በቀልድ ሊናገር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ሰባ ያህል ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከውጭ የገቡ የሳል ሽሮፖችን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ይሁን እንጂ በሽሮፖቹ ውስጥ ተገኙ የተባሉት ኤቲሊን ግላይኮልና የእርሱ ዘመድ የሆነው ሌላ መርዝ፣ ዳይኤቲሊን ግላይኮል፣ ናቸው። በኢንዶኔዥያ በዚያው ዓመት ከሁለት መቶ በላይ ሕፃናት በተመሳሳይ ሁኔታ አልቀዋል፤ እዚያ ምርመራ ሲደረግ ደግሞ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚል መለያ በተለጠፈባቸው በርሜሎች ውስጥ ኤቲሊን ግላይኮል ተሞልቶ ተገኘ። ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አንድ ፋብሪካ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በዳይኤቲሊን ግላይኮል አሟሙቶ ሸጦ ከመቶ በላይ ሰው ሞቶበታል፤ በማግስቱ ዓመት የወጣው የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ሕግ መነሻም ይኸው እልቂት ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው ገዳዩን ትተው በስሙ የተነገደበትን ከሰሱ። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ሕዝቡ የሚጠነቀቅበትን ቦታ ይለውጠዋል። ጥፋቱ የፕሮፒሊን ግላይኮል ቢሆን ኖሮ መፍትሔው እርሱን መከልከል በሆነ ነበር። ጥፋቱ የቀረበው በርሜል ሳይመረመር በመለያው ብቻ መታመኑ ከሆነ ግን፣ የሚያስፈልገው ምርመራ ነው፤ ፕሮፒሊን ግላይኮልን ከልክሎ ግሊሰሪን ማስገባትም አያድንም፤ በልዩ ልዩ አገሮች በዳይኤቲሊን ግላይኮል ተበርዞ የተገኘ ግሊሰሪን ሰው የገደለበት ጊዜ አለና።

በዚህ ነጥብ ላይ የምቀበላቸውም ነገር አለ። ፕሮፒሊን ግላይኮል ራሱ በማንኛውም መጠን ለማንኛውም ሰው ምንም አያደርግም የሚል ካለ ተሳስቷል። በደም ሥር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሎራዜፓም የተባለው ማረጋጊያ፣ አብዛኛው ፈሳሻቸው እርሱ ነው፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለቀናት በብዛት የተሰጣቸው ሕሙማን ደማቸው አሲድ የበዛበት ሆኖ ተገኝቷል። አራስ ሕፃናት ደግሞ የሚያብላላው ኢንዛይም ገና ስላልጎለበተላቸው ከሰውነታቸው ለማስወገድ ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል። የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ በመድኃኒት ውስጥ ላለው መጠን የጥንቃቄ ወለል ሲያወጣ ለአዋቂና ዕድሜያቸው አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጆች በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት 500 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላሉት 50፣ ዕድሜያቸው ከ28 ቀን ላልበለጠ አራሶች ግን 1 ሚሊ ግራም ያደረገው ለዚህ ነው። አራስ ልጅ ኬክ አይበላም፤ ሽሮፕ ግን ሊሰጠው ይችላል። ጸሐፊው ማስጠንቀቂያቸውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለአራስ ሽሮፕ ለሚገዙ ወላጆች ቢያደርሱት ኖሮ እኔም በተባበርኋቸው ነበር።

አውሮፓ አግዶታል የሚለው ትክክል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ኢ 1520 ብሎ መዝግቦ የፈቀደው ንጥረ ነገር ነው። ከአሜሪካ የሚለየው በመጠኑ ነው፤ አውሮፓ ለቀለም፣ ለሽቶና ለመሰል ተጨማሪዎች ማሟሚያነት ብቻ ፈቅዶ በተዘጋጀው ምግብ ውስጥ በኪሎ ከ3,000 ሚሊ ግራም፣ በመጠጥ ደግሞ በሊትር ከ1,000 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲወስን፣ አሜሪካ በአልኮል መጠጥ እስከ 5 በመቶ፣ በከረሜላና በኬክ ልባስ እስከ 24 በመቶ ትፈቅዳለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ፋየርቦል የተባለው የቀረፋ ውስኪ ከፊንላንድ፣ ከስዊድንና ከኖርዌይ ገበያ የተሰበሰበው በዚህ ልዩነት የተነሣ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተቀመመው ወደ አውሮፓ ተልኮ መጠኑ ከአውሮፓው ወሰን በላይ ሆኖ ተገኘ። ለጸሐፊው «እገዳ» ምንጩ ይህ ወሬ ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካው 24 በመቶ ለእኔም ልቅ ይመስለኛል፤ ከሁለቱ ምረጥ ብባል የአውሮፓውን ሥርዓት እመርጣለሁ።

የድመቷ ነገር ግን እውነት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሮፒሊን ግላይኮል በድመት ምግብ ውስጥ እንዳይገባ ከልክላለች፤ የድመት ቀይ የደም ሕዋስ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ በመሆኑ ንጥረ ነገሩ በሕዋሱ ውስጥ የሂሞግሎቢን ቋጠሮ ይፈጥርባታል። በውሻ ምግብ ውስጥ ግን ዛሬም ይገባል። «ለድመት ያልሆነ ለሰው እንዴት ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት ልብ ይነካል፤ ሆኖም ድመትን በዚያው መንገድ፣ ያንኑ ቋጠሮ በደሟ ውስጥ ፈጥሮ የሚጎዳት ሌላ ምግብ አለ፤ ቀይ ሽንኩርት። በድመት ሚዛን የምንሄድ ከሆነ ለፋሲካ የሚሠራው ዶሮ ወጥ ከኬኩ ቀድሞ መታገዱ ነው።

አራተኛው፣ መጠኑን የሚያውቅ የለም የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ ያስገረመኝ ነው፤ ከምግብ ተጨማሪዎች ሁሉ በቁጥር ከተወሰነላቸው አንዱ ይህ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው ጉዳት የማያመጣበትን መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 25 ሚሊ ግራም ብሎ ወስኗል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2018 ጉዳዩን እንደገና መርምሮ በዚያው ቁጥር ጸንቷል። ቁጥሩ የተገኘው በእንስሳት ላይ ጉዳት ያላሳየው መጠን ለመቶ ተካፍሎ ነው። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 1,500 ሚሊ ግራም ይፈቀድለታል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ይዤ ወደ ወንድሜ ሚስት ማእድ ቤት ገባሁ። የቫኒላዋን ጠርሙስ አንሥቼ ጀርባውን አነበብሁት፤ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህላል። ፕሮፒሊን ግላይኮል በዝርዝሩ ላይ በአንደኛነት ተጽፏል፤ ይህም ከሌሎቹ ሁሉ በብዛት ይገኛል ማለት ነው። እርሷ ተሠርቶ 1.5 ኪሎ ለሚመዝን ኬክ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ ትጠቀማለች። ለጸሐፊው እንዲያደላ ማንኪያው ሙሉ በሙሉ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው እንበል፤ ክብደቱ 5.2 ግራም ያህል ይሆናል። የሚፈላው በ188 ዲግሪ በመሆኑ ምድጃው ውስጥ ብዙው ተንኖ ይጠፋል ብዬ አልከራከርም፤ ሁሉም ኬኩ ውስጥ ይቅር። መቶ ግራም ቁራሽ ኬክ እንግዲህ 345 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወሰኑን ለመሙላት በየቀኑ ከአራት ቁራሽ በላይ መብላት ይኖርበታል፤ ያን የሚያህል ስኳርና ቅቤ በየቀኑ ወደ ሆዱ የሚያስገባ ሰው የሚያሳስበኝ በሌላ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን ለልጅ ስሠራው ግን ዝም አልሁ። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ወሰኑ 375 ሚሊ ግራም ነው፤ አንድ ቁራሽ ኬክ ይሞላዋል ማለት ይቻላል። ወሰኑ የተቀመጠው ለዕድሜ ልክ የየቀን አመጋገብ በመሆኑ በዓመት አንድ ጊዜ በልደት ቀን ሁለት ቁራሽ የበላ ልጅ አይመረዝም፤ ነገር ግን ማንኪያዋ ሁለት ብትሆን፣ ባለ ቀለም ክሬምና ከረሜላ ቢጨመርበት፣ ልጁም ይህን በየቀኑ ቢበላ፣ ወሰኑ ይታለፋል። ለወንድሜ ሚስት የነገርኋትም ይህንኑ ነው፤ በመለኪያ ማንኪያ እንጂ በግምት ከጠርሙሱ እንዳታፈስስ። ጸሐፊው በዚህ በኩል ገፍተው ቢመጡ ኖሮ ምላሼ እጅግ ያጠረ ይሆን ነበር።

የሳምንት ኬክ ጉዳይ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ውሃ የሚፈላባት በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ጠዋት የተቆረጠን ስፖንጅ ኬክ ከሰዓት በኋላ ጠርዙን እንደ ኩርማን ደረቅ ዳቦ ያደርገዋል። ስለዚህ እርጥበት መያዝ ለእኛ አካባቢ ኬክ ጋጋሪ ማታለያ ሳይሆን የሥራው ዋና ጣጣ ነው። ከውጭ ታሽገው በሚመጡና ወራት በሚቆዩ ኬኮች ውስጥ እንዲህ ያሉ እርጥበት ያዦች፣ ከነግሊሰሪኑና ከነሶርቢቶሉ፣ በብዛት እንደሚገቡ አልክድም። በከተማችን ኬክ ቤት ግን ንጥረ ነገሩ የሚገባው ከቫኒላውና ከቀለሙ ጋር ተከትሎ በማንኪያ ልክ ነው፤ በዚህ መጠን ኬክን ለሳምንት አያለሰልስም፣ የተበላሸ ክሬምንም ሽታ አይደብቅም። አሮጌ ኬክ አድሶ መሸጥ የሚፈልግ ሰው፣ እንዲህ ያለ ሰው የለም አልልም፣ የስኳር ውሃ ቀብቶ አዲስ ክሬም ይደርብበታል። ለዚህ ስኳር ይበቃዋል፤ ስኳርም ራሱ እርጥበት ያዥ ነው።

ማርና ግሊሰሪንን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። ማር በእርግጥ ግሩም እርጥበት ያዥ ነው፤ በክረምት ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ማር ከአየሩ ውሃ ስቦ እንደሚቀጥንና እንደሚፈላ ጠጅ የምትጥል እናት ሁሉ ታውቃለች። ኬክ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ዋጋውን የሚከፍል ደንበኛ ከተገኘ። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም ሥጋት የለውም» የሚለው ግን፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ቦቱሊዝም የተባለውን፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል እንዳይሰጥ የሕክምና ባለሙያዎች አጥብቀው እንደሚመክሩ ይዘነጋል። ግሊሰሪንም የአውሮፓው ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 የቁጥር ወሰን አያስፈልገውም ያለው፣ በአጠቃላይ ከፕሮፒሊን ግላይኮል የላላ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ነገር ግን በብሪታንያ በግሊሰሪን የተሠራ የበረዶ መጠጥ የጠጡ ትንንሽ ልጆች የደም ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስለሳቱ፣ የአገሪቱ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2025 ከሰባት ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጥ መክሯል። «ምንም ሥጋት የለውም» የሚለውን ቃል ስለ ማንኛውም ምግብ ባንጽፈው ይሻላል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ጽሑፉ ያላነሣው፣ እኔ ግን ያንን ማእድ ቤት ስፈትሽ ያገኘሁት። መደርደሪያው ላይ ሦስት ጠርሙሶች ነበሩ። ሁለቱ የአምራች ስም፣ የተመረቱበትና የሚያልፉበት ቀን የተጻፈባቸው ናቸው። ሦስተኛው ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሲሆን ቀይ የኬክ ቀለም ተሞልቶበታል፤ ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «ቀይ» ከሚለው በቀር ምንም የለበትም። ነጋዴው ከጀሪካን እየቀዳ በርካሽ እንደሚሸጥላት ነገረችኝ። ቀለሙ በምን እንደተሟሟ፣ ማሟሚያው ለምግብ የተዘጋጀ ይሁን ለኢንዱስትሪ፣ እርሷም እኔም ነጋዴውም አናውቅም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ሥልጣን የተሰጠው አካል አለ፤ ከጀሪካን ወደ ፕላስቲክ የሚቀዳው ቀለም ግን በማንም ፊት ሳያልፍ ነው ማእድ ቤት የደረሰው። የኢንዶኔዥያው ታሪክ የጀመረው ከዚህ ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። ፕላስቲኩን ከመደርደሪያው አውርደን አስወገድነው፤ የዚያ ሳምንት ኬኮች ያለ ቀይ ጽጌረዳ ወጡ።

ጸሐፊው ያንን የኩላንት ጀሪካን ፎቶግራፍ ከጽሑፋቸው አናት ላይ አንሥተው በምትኩ «ቀይ» ተብሎ የተጻፈበትን የውሃ ፕላስቲክ ቢያስቀምጡበት፣ ለዘመድ ወዳጅ ከሚያዘዋውሩት ሰዎች መካከል የመጀመሪያው እኔ እሆናለሁ።